በሽመክት ስም አቤት ያለ ሰው

ኮቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለማንም አላካፍልም። እንጅባራ ውስጥ ግን እስካሁን «ደጊቱ የሞተ ልጇን አስነሣች» እያሉ የሚያወሩ አሉና፣ ነገሩን ከነሱ አፍ ከምትሰሙት ከኔው ስሙት።

ልጁ ይኸነው ይባላል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ጉሙ ከጓሮ እስከ ደጅ እንደ ከብት ተኝቶ በሚውልበት ሰሞን፣ በስስ ሸሚዝ መጣ። አገሩ ከጫግኒ ወዲያ ያለች ሞቃት ቀበሌ ናት። በብብቱ አንዲት የላስቲክ ፋይል ይዟል። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ «እማማ፣ የሚከራይ ክፍል አለ ብለውኝ ነበር» አለኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሥራ ልፈልግ ነው የመጣሁት።»

«እሱ ሥራ ነው እንዴ?»

«አሁንማ ከሥራም ይከብዳል» አለና ሳቀ። ሳቁ ደስ አለኝ፤ የጓሮውን ክፍል ሰጠሁት።

ሥራ ፍለጋ የሚሉትን ነገር ያየሁት በሱ ነው። ጠዋት ይወጣል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ ያነባል፤ ይመዘገባል፤ እግሩ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። «ዛሬስ?» እለዋለሁ። «የሁለት ዓመት ልምድ ይላል» ይለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ «ዜሮ ዓመት የሚል አገኘሁ፤ ለአንድ ቦታ ሦስት መቶ ሆነን ተመዘገብን» ይላል። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ዓመት ቆጥሬያለሁ፤ ዜሮ ዓመት የሚባል ዓመት ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ለመጋዘን ሠራተኛነት ለፈተና ጠራው። ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ የሸሚዙን አንገት ሲያስተካክል አየሁት፤ ከንፈሩ ገርጥቷል፣ ትከሻው ይዘላል። እንዲህ ሆኖ ቢቀርብ የወባ በሽተኛ ነው ብለው እንደሚመልሱት ታወቀኝ። ገባሁና ከሣጥኑ የሽመክትን ኮት አወጣሁ።

ሽመክት ልጄ ነው። አንድ ልጄ። ከሦስት ዓመት በፊት በጥር፣ ለፈረሰኞቹ በዓል ፈረሱን ሊያጥብ ወደ ዘንገና ሐይቅ ወረደ። ዳማው ፈረስ ብቻውን፣ እስከ ደረቱ ርሶ መጣ። ኮቱ ከኮርቻው ጋር ታስሯል፤ ኮቱ ደረቅ ነው። ዋናተኞች ሦስት ቀን ፈለጉት። ሐይቁ አንዲት ክር አልመለሰልንም። እንደ አገራችን ወግ ፈረሱን ጭነን፣ ኮቱን ኮርቻው ላይ አልብሰን፣ በለቅሶው መሐል እያዞርን አለቀስንለት። በአርባው የሟች ልብስ ለድኻ ይሰጣል። እኔ አልሰጠሁም። ሬሳ አላየሁም፤ ሬሳ ሳላይ የማንን ልብስ ነው የምሰጠው? ይህንኑ ለቄሱም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ።

ይኸነው ኮቱን ለበሰው። ትከሻው ላይ ልክ፣ ክንዱ ላይ ልክ። ልብስ ሰፊ ለክቶ የሰፋለት ይመስላል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ጉሙ ሲገባ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። ደስታ ነበር።

*

ጎረቤቴ ዓባይነህ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ነው፤ በቀላል አይደነግጥም። የዚያን ቀን ግን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የገባው።

«ደጊቱ፣ አሁን ልጅሽን አየሁት» አለኝ ሳይቀመጥ። «በጉሙ መሐል አለፈኝ። እንደምን አደሩ አለኝ።»

«ታዲያ ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ፤ አማተብኩ።»

«እንደምን አደሩ ባለህ ሰው ላይ ማማተብ ነውር ነው» አልኩት። ተከራዬ ነው፣ ኮቱን ሰጥቼው ነው አላልኩትም። ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ዋጥኳት።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ፈረሱ። ዳማው ሽመክት ከጠፋ ወዲህ ማንንም በጀርባው አላስወጣም፤ ሁለት ሰው ነክሷል። ይኸነው ኮቱን እንደለበሰ ግቢ ሲገባ፣ ገመዱን ወጥሮ መጣና አፍንጫውን ከአንገቱ ሥር ከተተ። ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ከዚያ ጭንቅላቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እማማ፣ ይህ ፈረስ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ ይኸነው፤ ሳይንቀሳቀስ፣ በሹክሹክታ።

«ምን ይሆናል። ጌታውን አወቀ» አልኩት። እንደቀልድ ነው ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ ግን ቀልድ አልመሰለም።

አሁን ስለ ስሜነሽ ልንገራችሁ። ስሜነሽ የሽመክት እጮኛ ናት። ቀለበት አስረው ሠርጋቸው ለየካቲት ተቆርጦ ነበር። ከለቅሶው ቀን ጀምራ ጥቁር ለብሳ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ዘንድ እየመጣች፣ ሦስት ዓመት እንደ ምራት ጦራኛለች። የምጠራትም ምራቴ ብዬ ነው። ሽማግሌ ሊልክባት ያሰበ ሁሉ «ባል አላት» የሚል መልስ ያገኘው ከኔ ነው። አባቷ በዚህ ጠልቶኛል፤ ይጥላ። መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ የከተማው ሥራ ፈላጊ ማስረጃውን የሚያባዛው እሷ ዘንድ ነው።

የዚያን ጠዋት በሯ ላይ ጥላ ሲቆም ቀና አለች። ኮቱን አየች። ፊቱን ጉም ይዞታል። የያዘችው ወረቀት ከእጇ ተበተነ።

«መጣህ?» አለች።

«አዎ፣ መጣሁ። ዲግሪዬን ኮፒ ላስደርግ ነበር።»

ድምፁን ስትሰማ ሌላ ሰው መሆኑን አወቀች፤ ወንበሩ ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች። እሱ ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ተንበርክኮ ወረቀቶቿን ለቀመ። አንዱን ጭቃ ነክቶት ነበር፤ ኮቱን ገልጦ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገላት። በእጅጌህ ብትጠርገው አይቀልህም ወይ ብትለው፣ «ኮቱ የሰው ነው፤ አላቆሽሸውም» አላት።

ከዚያ ወዲያ ይኸነው ዲግሪውን ያባዛውን ያህል ያባዛ ተመራቂ አገር ውስጥ የለም። ፋይሉ አልዘጋ አለ። «ስንት ቦታ ነው የምታመለክተው?» ስለው መሬት መሬቱን ያያል። እሷም ማሽኑ ተበላሽቷል እያለች ታስቀምጠዋለች፤ ማሽኑ ለሌላው ሰው ይሠራል። አንድ ነገር ግን ይኸነውን ይበላው ነበር። በሩ ላይ ሲቆም ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮቱ ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ሁልጊዜ። ያቺ ቆይታ የዓይን ጥቅሻ ታህል ነበር፤ ለእሱ ግን ከሄደው መንገድ ሁሉ ያቺ ትረዝምበት ነበር።

*

የኔን ጥፋት ደግሞ ስሙ።

የመጀመሪያው ቀን አምልጦኝ ነው። «ሽመክት፣ ራት ቀርቧል» አልኩ። ይኸነው አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አቤት እማማ» አለኝ። ሦስት ዓመት በዚህ ቤት «አቤት እማማ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ምን እንደሆንኩ አልናገርም።

በማግሥቱ ሆን ብዬ ጠራሁት። በሦስተኛውም ቀን። የሽመክትን መደብ ሰጠሁት፤ የሽመክትን ፈረስ አስያዝኩት። ለራሱ እናት የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ልጁን ወልዳ፣ አስተምራ፣ ሥራ ይፈልግ ብላ ብትሰደው እኔ ስሙን ገፈፍኩት። እሱ ከልቡ ሩኅሩኅ ነው፤ ደስ እንዲላት ብሎ ዝም አለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ገባ።

«ዝናብ የለም፤ ምን ነካህ?» አልኩት።

«ዳማውን ውኃ ላጠጣ ወጥቼ ነበር እማማ። እኔ አልወሰድኩትም፤ እሱ ነው የወሰደኝ። እየጎተተ ዘንገና አወረደኝ። ጉሙ ውኃው ላይ ነበር። አንድ ሰው ከታች ሽመክት ብሎ ጠራ።»

«አንተስ?»

«ለምዶብኝ አቤት አልኩ። አቤት እያልኩ ወደ ድምፁ ሄድኩ። ውኃው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ፈረሱ ነው ኮሌታዬን ነክሶ የመለሰኝ።»

በኛ አገር ከውኃ ውስጥ የማይታይ ሰው ሲጣራ አቤት አይባልም። ጡት ያልጣለ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ይኸነው ቆላ ነው ያደገው፤ ማን ይንገረው? አቤት ማለቱን ያስለመድኩት ደግሞ እኔ።

«ድምፁ የወንድ ነው የሴት?»

«አይለይም እማማ። ውኃ የሞላው አፍ ነው።»

«ሁለተኛ እዚያ እንዳትደርስ» አልኩት። አስማልኩት። በሽመክት ስም መጥራቴን ግን አልተውኩም። አየኋችሁ፤ ምን ዓይነት ሴት ናት ብላችኋል። እንዲህ ዓይነት ሴት ነኝ።

በጳጉሜ ፈተናውን ማለፉ ተነገረው። ሦስት መቶ ሰው ተፈትኖ እሱ አንደኛ። እየሮጠ ነው የመጣው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ዋስ። እዚሁ ከተማ ቤት ያለው ሰው ቀርቦ ካልፈረመለት ቦታው ለሁለተኛው ይሰጣል።

«እማማ፣ እዚህ ከእርስዎ ሌላ ሰው የለኝም። እስከ ዓርብ ነው የሰጡኝ።»

«መፈረም እንኳ አላውቅ። ጣቴን ይዤ እሄድልሃለሁ» አልኩት። እጄን ሳመው።

እሑድ ስሜነሽ መጣች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች።

«ጥቁርሽ የት ሄደ?» አልኳት።

«አጠብኩት፤ አልደረቀም።»

«ሦስት ዓመት ሲታጠብ ለእሑድ ይደርስ ነበር።»

ተንበረከከችና ጉልበቴን ያዘች። «አልዋሽዎትም እማማ። ይኸነውን ወድጄዋለሁ።»

«ኮቱን ነው የወደድሽው» አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። በዚያች ቅጽበት በበሩ ስንጥቅ ጥላ አየሁ። ይኸነው ነው፤ ልጓም ይዞ ቆሟል። ቃሌን ሰማ። ጥላው ተነሣና ሄደ። መልሷን ሳይሰማ ሄደ። ልጠራው እችል ነበር። አልጠራሁትም።

«ኮቱንማ እፈራዋለሁ» አለች ስሜነሽ። «ዛሬም ከሩቅ ሳየው እጄ ይበርዳል። ደንግጬ ነው ቀድሜ እሱን የማየው። የወደድኩት በሸሚዙ ወረቀቴን የጠረገውን ሰው ነው። እስቲ ስሙን ይጥሩት እማማ። አንድ ጊዜ፣ የገዛ ስሙን።»

«ልጄ ውኃ ውስጥ እያለ?»

«እኔም አብሬው ውኃ ውስጥ ነኝ። ሦስት ዓመት። ተጭነው ያቆዩኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

እንዲህ ያለ ቃል ማንም ተናግሮኝ አያውቅም። «እንግዲያው ዋሱን ሌላ ዘንድ ይፈልግ» አልኳት። «ጣቴ ለልጄ ነበር። ለባዳ የለኝም።»

ነጠላዋን አነሣች። በሩ ላይ ዞራ፣ «ሥራውን አጥቶ ቢሄድ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ያኔ ለማን ምራቴ ይላሉ?» አለችኝ። ስትወጣ ቤቱ ከለቅሶው ቀን ይልቅ ጭር አለብኝ።

*

በማግሥቱ ማለዳ ጓሮ ወጣሁ። ክፍሉ ክፍት ነው። ፋይሉ የለም። ፈረሱም የለም። አልጋው ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ።

ወረቀት ለኔ ምን ያደርግልኛል? አገላበጥኩት። የሱ እጅ ጽሕፈት ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፤ ከዚያ በላይ አልነገረኝም። ጎረቤት አስነብቤ የቤቴን ገመና ከማወጣ ብሞት ይሻለኛል። አንድ ሰው ብቻ ነበረች። ነጠላዬን ደርቤ በጉሙ ውስጥ እየተደናበርኩ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ።

ስሜነሽ እንዳላየችኝ ልትሆን ፈልጋ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። «አንብቢልኝ» አልኳት። በሕይወቴ ለሰው አንብቢልኝ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

አነበበች፤

«እማማ ደጊቱ፣ ብርድ ሲገድለኝ አልብሰውኛል፤ ውለታዎ አይጠፋብኝም። ለሌላ ሰው ስም አቤት ያልኩት ደስ ስለሚልዎት ነበር። አሁን ግን ሌሊት ስነቃ የራሴን ስም ለማስታወስ እቆያለሁ። ይህ ያስፈራኛል። ለስሜነሽ ይንገሩልኝ፤ ዓይኗ ኮቱ ላይ ሲያርፍ ባየሁ ቁጥር፣ ነገ እኔን ቀድማ ታያለች እያልኩ ነበር። እሑድ እርስዎ ሲናገሩ ዝም ማለቷን ሰማሁ። አልቀየምኳትም። ዛሬ ፈረሱን ዘንገና ወስጄ አጥበዋለሁ፤ ኮቱንም ለባለቤቱ እዚያው አስረክባለሁ። ከዚያ ወደ አገሬ መኪና እይዛለሁ። ይኸነው።»

«ዝም አላልኩም» አለች ስሜነሽ። «መልሻለሁ። ሰምተውኛል።»

«መልሰሻል። እሱ ግን ቀድሞ ሄዷል። ሲሄድ አይቼዋለሁ።»

አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ባጃጅ» ብላ ወደ መንገዱ ሮጠች።

ባጃጁ ከዋናው መንገድ ዳር አወረደን፤ ባለባጃጁ ከዚያ አላልፍም አለ። በእግር መንገዱ፣ እሷ እኔን በክንዴ ይዛ፣ እኔ እሷን በቃል እየገፋሁ ወረድን። ሐይቁ አይታይም። ሐይቁ የተኛበትን ጉድጓድ እስከ አፉ ጉም ሞልቶታል። ወፍ የለም። የራሳችን እግር ድምፅ እንኳ ከኋላችን የሚመጣ ሰው ይመስል ነበር።

ዳማውን አገኘነው። ብቻውን፣ እስከ ደረቱ ርሶ፣ ወደ ውኃው ዞሮ ቆሟል። ልክ እንደዚያን ጊዜው። ኮቱ ከአጠገቡ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ደረቅ ነው።

«ሽመክት» ብዬ ተጣራሁ። ልጅ የቀበረች እናት የምትጣራውን ያህል፣ ከአንጀቴ።

ከታች፣ ከውኃው፣ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰምቻለሁ። አርጅታ ነው የሚል ይበል፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ስሜነሽም ሰምታለች፤ ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገብቷል። አንድ እርምጃ ወደ ታች ሄድኩ። ሌላም ልጨምር ስል እጇን አፌ ላይ አደረገች። ከዚያ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ወደ ላይ፣ ወደ አፋፉ ጮኸች።

«ይኸነው!»

ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ የጠየቀኝን አውቄዋለሁ። እጇን ከአፌ አነሣሁና እኔም ጠራሁ። «ይኸነው» አልኩ። «ይኸነው ልጄ፣ የት ነህ?»

«ወዬ» አለ ከላይ። የሰው ድምፅ ነው፤ የበረደው፣ የደረቀ፣ የሰው ድምፅ።

አፋፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በሸሚዙ ብቻ፣ ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ። ሊሄድ ተነሥቶ እግሩ እንቢ ብሎታል። «ከታች አቤት ያልከው አንተ ነህ?» አልኩት። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «እኔ አፌን አልከፈትኩም እማማ» አለኝ። ሌላ አልጠየቅሁትም።

«ለምን መጣሽ?» አላት ስሜነሽን። «ኮቱ እታች ነው።»

«አውቃለሁ። አልፌው ነው የመጣሁት።»

«ከሩቅ ስታይኝ...»

«ዝም በል። ቁም እስቲ» አለችው። «ኮቱ እዚያ ነው፣ አንተ እዚህ ነህ። ወዴት እንደምሄድ እያየህ እርምጃዬን ቁጠር።» አልቆጠረም፤ ጊዜ አልሰጠችውም። ሄዳ ነጠላዋን በሁለቱም ላይ ጣለች። እሱ እያለቀሰ፣ «መጀመሪያ ፊቴን አየሽ» ይላል። «አዎን፣ ፊትህን አየሁ» ትላለች። ይህንኑ ደጋግመው ሲባባሉ ቆዩ፤ ሌላ ቃል የጠፋባቸው ይመስል።

እኔ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። በእናቴ ቋንቋ፣ በአገውኛ፣ ልጄን ተሰናበትኩት። ያልኩትን ለናንተ አልተረጉምም። ከለቅሶው ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩትን ያን ጠዋት ቆሜ አለቀስኩት። ከታች መልስ አልመጣም። ጉሙ ውስጥ የቀረው የፈረሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

*

ዓርብ ጠዋት ዩኒየኑ ቢሮ ሄድን። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ሜላት ትባላለች፤ ጥፍሯን ቀይ ቀብታለች፣ ትሕትና ግን አላት። የቤቴን ካርታ አየች፣ መታወቂያዬን አየች፣ ቅጽ አወጣች።

«እማማ፣ ዋስነት ከባድ ነገር ነው። ልጁ ቢጠፋ የሚያዙት እርስዎ ነዎት።»

«አይጠፋም። ብጠራው ወዬ ይለኛል።»

«እሺ። ከአቶ ይኸነው ጋር ዝምድናዎ ምንድን ነው?»

ይኸነው ከኋላዬ ቆሟል፤ ስሜነሽ ከጎኑ። ልጄ ልበል? ያን ቃል ካንዴም ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ያ የሌላ ሰው ነው። ተከራዬ ልበል? ውሸት ነው።

«የምራቴ ባል» አልኳት።

ሜላት እስኪሪብቶዋን አቆመች። «ማለት... የልጅዎ ሚስት ባል?»

«አዎን።»

«እማማ፣ እንዲህ የሚባል ዝምድና ቅጹ ላይ የለም።»

«ቅጹን የሠራው ሰው ልጅ አልሞተበትማ። ጻፊው።»

ሞተ የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ከዚያ የእስኪሪብቶዋን ድምፅ ሰማሁ፤ ስትጽፍ።

የቀለሙን ሳጥን ወደኔ ገፋችልኝ። አውራ ጣቴን ነከርኩ። ይኸነው ሊደግፈኝ እጁን ሰደደ።

«ተወኝ» አልኩት። «ራሴ ነኝ የምጫነው።»

ተጫንኩ። እስከ አጥንቴ ድረስ ተጫንኩ።